ሴሚስተሩ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? (የኤራስመስ ታሪክ)

የዛሬው ትንሽ ይረዝማልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ኢንቦክስ አደረገልኝ። አሁን የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኗል። ዲፓርትመንታቸው ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ስላለው ለአንድ ሴሚስተር ሄደው ተምረው የሚመለሱ ልጆች ሊመረጡ ነው። "ቲቸር፣ እዚያ የተማርኩት እዚህ ይቆጠርልኛል ወይስ ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ወደ ኋላ ልቀር ነው?" ይላል። ስለ ብርዱ አልጠየቀም፣ ስለ ምግቡ አልጠየቀም፣ ስለ ቪዛውም አልጠየቀም። ክፍል ውስጥም እንዲህ ነበር፤ እጁን ካወጣ ዋናውን ነገር ነው የሚጠይቀው።

አጭሩን መልስ ሰጥቼዋለሁ፦ ከመሄድህ በፊት በጽሑፍ ከተስማሙና ከተፈረመ ይቆጠራል። በቃል "ችግር የለውም" ካሉህ ግን ችግር አለው። ረጅሙ መልስ ታሪክ ነው፤ ታሪክ ደግሞ ሥራዬ ስለሆነ ለሁላችሁም ላካፍል ብዬ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ለትምህርት አገር አቋርጦ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። የእኛ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቶ፣ ለቅኔው ዋሸራ፣ ለድጓው ቤተልሔም እያለ ሲዞር ኖሯል። አውሮፓም እንዲሁ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ መማር የፈለገ ጀርመናዊ የአልፕስን ተራራ አቋርጦ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ ግን የሚጠብቀው መምህር ብቻ አልነበረም፤ ያገሩ ሰው ዕዳም ይጠብቀዋል። አንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ተበድሮ ከጠፋ፣ አበዳሪው የዚያን አገር ልጅ ፈልጎ ይይዛል። ተማሪው ሰውየውን አይቶት ባያውቅም ይከፍላል። በ1150ዎቹ ቀዳማዊ ፍሬድሪክ (ባርባሮሳ የሚባለው ቀይ ጺሙ ንጉሠ ነገሥት) አንድ ሕግ አወጣ። ለትምህርት የሚጓዝ ሰው ባገሩ ልጅ ዕዳ አይያዝ፤ የሚከሰው ሰው ቢኖር እንኳ በመምህሩ ወይም በጳጳሱ ፊት ይዳኝ የሚል። ባጭሩ ንጉሡ ለተማሪው ዋስ ሆነለት ማለት ነው።

ይቺን "ዋስ" የምትለውን ቃል ያዙልኝ። ከቤት የወጣ ተማሪ መንገዱ አይደለም የሚያስቸግረው። መንገዱንማ ይሄደዋል። የሚያስቸግረው ማን ነው "እኔ አውቀዋለሁ፣ የተማረውም ትምህርት ነው" የሚልለት የሚለው ነው።

ኤራስመስም ከነዚህ ዞረው ከተማሩት አንዱ ነው። ሮተርዳም ተወለደ፣ ፓሪስ ተማረ (ስለ ኮሌጁ ምግብ ሲያማርር ዕድሜውን ጨረሰ፤ ካፌ የበላችሁ ታውቁታላችሁ)፣ እንግሊዝ ሄደ፣ ቬኒስ ሠራ፣ ካምብሪጅ አስተማረ፣ በ1536 ባዝል ሞተ። የነገረ መለኮት ዶክትሬቱን ያገኘው በ1506 ጣሊያን፣ ቱሪን ነው። እዚያ የቆየው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር! ሌላ ቦታ የተማረውን ቆጠሩለትና ማዕረጉን ሰጡት። ያኔ ትምህርቱ በየአገሩ በላቲን ነበር፤ የአንዱ ቤት ትምህርት ለሌላው ቤት ባዕድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መንግሥታት ዩኒቨርሲቲዎቹን የየራሳቸው አደረጓቸው። ቋንቋው ተለየ፣ ፈተናው ተለየ፣ ዲፕሎማው የአገሩን ማኅተም ያዘ። ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ስንደርስ ሀብታም ልጁን አውሮፓ ልኮ ያስጎበኛል፣ ሊቅም ለምርምር ይሄዳል። ተራ የኮሌጅ ተማሪ ግን ትምህርቱን ሳያቋርጥ ውጭ አገር ከርሞ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም።

ይህን መንገድ ለመክፈት ከሞከሩት ቀዳሚው አሜሪካዊ ነው። ሬይመንድ ኪርክብራይድ ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ የዘመተ፣ ተመልሶም ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ያስተማረ ሰው ነው። ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመታቸውን ፈረንሳይ ይማሩ፣ ዓመቱም እንደ አንድ የኮሌጅ ዓመት ይያዝላቸው አለ። ገንዘቡ ከግል ለጋሾች ተሰበሰበ፤ አንዱ ባለሀብቱ ፒየር ዱፖንት ነበር። በሐምሌ 1923 ስምንት ተማሪዎች ከኒውዮርክ በመርከብ ተነሡ። (እኛ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆንበት ዓመት ነው፤ በዚያው መስከረም።) መጀመሪያ ናንሲ ከተማ ቋንቋውን አጠኑ፣ ቀጥለው ፓሪስ ሶርቦን ገቡ፣ ማደሪያቸውም ከፈረንሳይ ቤተሰቦች ጋር ሆነ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ እየተቆጠረ ውጭ አገር መማር የተጀመረው በነዚህ በስምንቱ ነው ይባላል። ስሚዝ ኮሌጅም በ1925 ተከተለ። የአሜሪካኑ ነገር ቀላል የሆነው ግን ላኪውም ቆጣሪውም አንድ ቤት ስለነበር ነው። ዴላዌር ራሱ ልኮ ራሱ ቆጠረ። ሁለት አገሮች፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሌላውን ትምህርት ይቀበሉ ሲባል ነው ጉዱ የሚመጣው።

ጉዱ የደረሰባት ሶፊያ ኮራዲ የምትባል ሴት ናት።

ኮራዲ በ1934 ሮም ተወለደች። ልጅነቷ በጦርነት ውስጥ አለፈ። ላ ሳፒየንዛ በሚባለው የሮም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስትማር ቆይታ በ1957፣ ለመመረቅ ጥቂት ሲቀራት፣ የፉልብራይት ስኮላርሺፕ አገኘች። (ፉልብራይት ራሱ ቆንጆ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በየአገሩ የተራረፈው የአሜሪካ ጦር ንብረት ተሽጦ በገንዘቡ ተማሪ ይመላለስበት ያለው ሴናተር ፉልብራይት ነው፤ በ1946 ሕግ ሆነ። የታንክና የጂፕ ገንዘብ ለትምህርት መሆኑ ነው።) ኮራዲ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በንጽጽር ሕግ ማስተርሷን ይዛ በ1958 ተመለሰች።

ከዚያ ላ ሳፒየንዛ ሄዳ፣ ኮሎምቢያ የተፈተነቻቸው ትምህርቶች እንዲቆጠሩላት ወረቀቷን አቀረበች። ቢሮው ውስጥ የገጠማትን ዕድሜዋን ሙሉ ስትተርከው ኖራለች። ኃላፊው በሰው ፊት ተቆጣት። አሜሪካ ሄዳ ስትዝናና ከርማ ደግሞ ፈተና ይቆጠርልኝ ትላለች ብሎ አዋረዳት። ኮሎምቢያ የሚባለው ለሱ ምኑም አልነበረም። አልተቆጠረላትም። አንድ ዓመት እንደገና ተምራ ነው ዲግሪዋን ያገኘችው።

ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ከኋላህ ሰልፍ አለ፣ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ሰውዬ ወረቀትህን በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፣ አንተ ደግሞ ልታስረዳ ስትሞክር ድምፅህ እየቀነሰ ይሄዳል።

የዓመቱን ነገር ልብ በሉልኝ። ኮራዲ አሜሪካ በሄደችበት በ1957፣ በመጋቢት፣ ስድስት የአውሮፓ አገሮች እዚያው ሮም ተሰብስበው የሮምን ስምምነት ተፈራርመዋል። ዕቃው ድንበር አቋርጦ ያለ ቀረጥ ይሸጣል፣ ሠራተኛው ሄዶ ይቀጠራል ተባለ። በዚያው ከተማ ፈተና ግን ድንበር መሻገር አልቻለም።

ኮራዲ አኩርፋ አልተቀመጠችም። ትምህርቷን ጨርሳ የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ሬክተሮች ጉባኤ አማካሪ ሆነች። ሬክተር ማለት እኛ ፕሬዚዳንት የምንለው ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ገባች በሉት። በ1969 (በእኛ 1961 ዓ.ም. መሆኑ ነው) አንድ ማስታወሻ ጽፋ አቀረበች። የጻፈችው ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት እዚያ የሚወስዳቸውን ትምህርቶች ዘርዝሮ ለፋኩልቲው ያቅርብ፤ ፋኩልቲው ካጸደቀው፣ ተማሪው ፈተናውን አልፎ ሲመለስ ይቆጠርለት። ስለ ገንዘብ፣ ስለ አውሮፕላን ቲኬት አላወራችም። ክርክሩ ተማሪው ተመልሶ ሲመጣ ሳይሆን ሳይሄድ ይለቅ ነው ያለችው። ለኔ ከሕግ ባለሙያ የሚጠበቅ አስተሳሰብ ነው።

ከዚያች ማስታወሻ እስከ ፕሮግራሙ 18 ዓመት ነው የፈጀው። ከኮንፈረንስ ኮንፈረንስ እየዞረች፣ ደብዳቤ እየጻፈች፣ ሬክተር እያሳመነች። በ1976 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የትምህርት ሚኒስትሮች ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚያስተምሩባቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች ለመደገፍ ወሰኑ። ሙከራ ነበር፤ ግን መንገዱ እንደሚሠራ አሳየ። ብቻዋን አልሠራችውም፤ ብራስልስ ውስጥ እንደ ዶሜኒኮ ሌናርዱዚ ያሉ የኮሚሽኑ ሰዎች ነገሩን ይዘው ተሟግተዋል። ቢሆንም ጣሊያኖች እስከ ዛሬ "ማማ ኤራስመስ" የሚሏት እሷን ነው።

በ1986 መጀመሪያ ኮሚሽኑ ሙሉውን ዕቅድ ለሚኒስትሮች አቀረበ። ትልልቆቹ አገሮች በጀቱን አልወደዱትም። እየቀነሱ፣ እየቀነሱ መጡና በዓመቱ መጨረሻ ኮሚሽኑ "እንዲህ ከሆነስ ይቅር" ብሎ ዕቅዱን አነሳ። ከዚያ ነገሩን ካነቃቁት መካከል ተማሪዎች አሉበት። ኤጄ የሚባል በ1985 ፓሪስ የተመሠረተ የአውሮፓ ተማሪዎች ማኅበር ነበር፤ መሪው ፍራንክ ቢያንሼሪ። ማኅበሩ እንደሚተርከው ልጆቹ በ1987 ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሚተራን ጋር ማዕድ ቀርበው አሳመኑት። ፈረንሳይ አቋሟን ቀየረች፣ ሰኔ 15 ቀን 1987 ውሳኔው ጸደቀ። ለሦስት ዓመት 85 ሚሊዮን ኤኪዩ ተመደበ (ኤኪዩ ከዩሮ በፊት የነበረው የሒሳብ ገንዘብ ነው)። ስሙ ኤራስመስ ሆነ። ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ሰይመው ፊደሎቹ ልክ "ኤራስመስ" እንዲወጡ አድርገው ነው፤ ቢሮክራትም አንዳንዴ ይቀኛል።

በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ሄዱ። በእኛ በኩል ኢሕዲሪ በታወጀበት ዓመት ማለት ነው። ዛሬ ተማሪውም፣ ሠልጣኙም፣ መምህሩም ተደምሮ በፕሮግራሙ ያለፈው ሰው ከ15 ሚሊዮን በላይ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የትምህርት ስምምነት የሚባል ወረቀት ይሞላል። በአንድ በኩል እዚያ የሚወስዳቸው ኮርሶች፣ በሌላ በኩል እነሱ የሚተኩት ያገር ቤቱ ኮርሶች ይጻፋሉ። ሦስት ፊርማ አለው፦ የተማሪው፣ የላኪው ዩኒቨርሲቲ፣ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ። የኮራዲ የ1969 ማስታወሻ ማለት ይኼ ነው፤ ዋስትናው በወረቀት ሆነ። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ የሚከፈል ካለ እሱ ይቀጥላል። ለኑሮ ልዩነቱ የሚሆን ድጎማ ይሰጣል።

ግን አንዱ አገር ኮርሱን በሰዓት፣ ሌላው በፈተና ብዛት ሲቆጥር እንዴት ይመዛዘናል? ለዚህ በ1989 የጋራ መለኪያ መሞከር ጀመሩ፤ ኢሲቲኤስ ይባላል። የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ነው፣ ሴሚስተር 30። የሚቆጠረው መምህሩ ቆሞ ያስተማረበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው የሚያነብበት፣ የሚጽፍበት፣ ለፈተና የሚዘጋጅበትም ይገባል። ሙከራው በአምስት የትምህርት ዓይነቶች ነበር፦ ቢዝነስ አስተዳደር፣ ኬሚስትሪ፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ፣ ሕክምና እና ታሪክ። አዎ፣ ታሪክ! "ታሪክ ምን ይሠራል" የምትሉኝ ሰዎች ይቺን ያዙልኝ። በ1999 ደግሞ የ29 አገሮች ሚኒስትሮች ተሰብስበው የዲግሪ ሥርዓታቸውን ለማቀራረብ ተስማሙ። የተሰበሰቡት የት መሰላችሁ? ቦሎኛ።

ልጆቹ እዚያ ሄደው የሚማሩት ኮርስ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሎበርዥ ኤስፓኞል የሚለውን የ2002 የፈረንሳይ ፊልም ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ባርሴሎና አንድ ቤት ውስጥ ከየአገሩ የመጡ ልጆች፣ አንድ ፍሪጅ፣ ብዙ ጭቅጭቅ፣ ብዙ ፍቅር። ኮሚሽኑ ራሱ በ2014 ባወጣው ግምት፣ ከ1987 ጀምሮ ኤራስመስ ላይ ከተገናኙ ጥንዶች አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሕፃን ተወልዷል። ፖለቲከኛ ያላገናኘውን አንድ ሴሚስተር አገናኘው።

የሚወቀስበትም አለ፣ ልክም ነው። ድጎማው ሙሉ ወጪ አይሸፍንም። ቤተሰቡ መደጎም የማይችል፣ ወይ እየሠራ የሚማር ልጅ "ዕድሉ ለሁሉም ክፍት ነው" ቢባልም አይሄድም። በሩ ክፍት ነው፣ ደረጃው ግን ከፍ ይላል። ፖለቲካም ይነካዋል። ስዊዘርላንድ በ2014 ስደተኛ ለመገደብ ሕዝበ ውሳኔ ስታደርግ ከፕሮግራሙ ውጭ ሆነች፤ እንግሊዝም ከኅብረቱ ስትወጣ ይኼንንም ትታ በ2021 ቱሪንግ የሚባል የራሷን ጀመረች። ድምፅ የሰጡት ሌሎች፣ የቀሩት ተማሪዎቹ።

ኮራዲ በ2016 የካርሎስ አምስተኛ የአውሮፓ ሽልማት ተሰጣት። ሽልማቱ የሚሰጠው ስፔን ውስጥ ዩስቴ በሚባል ገዳም ነው፤ ንጉሡ በ1558 የሞተው እዚያ ነው። ኤራስመስ ስለ መልካም ንጉሥ መጽሐፍ ጽፎ ያበረከተውም ለዚሁ ለካርሎስ ነበር፣ ገና ወጣት ሳለ።

እኛ ጋ እንዴት ደረሰ? በሁለት መንገድ። አንደኛው የምታውቁት ነው። በ2004 ኤራስመስ ሙንዱስ ተጀመረና ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ተማሪዎችም ማስተርሳቸውን አንዱን ሴሚስተር አንድ አገር፣ ሌላውን ሌላ አገር እየተማሩ ይጨርሱ ጀመር። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ወጥተዋል፤ ይህን የምታነቡም አላችሁ፣ ሰላም በሉን። ከ2015 ወዲህ ደግሞ እንደዚያ እንደጻፈልኝ ልጅ፣ እዚህ ተመዝግቦ እየተማረ ለጥቂት ወራት ሄዶ መመለስ ተቻለ።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዩኒቨርሲቲ "ሞጁላር" በሚባልበት ሰሞን የተማራችሁ ኮርስ አውትላይናችሁን አውጡና እዩት። ከላይ "ክሬዲት አወር 3፣ ኢሲቲኤስ 5" ይላል። ያኔ ምን እንደሆነ ያስረዳን አልነበረም፤ ብዙው ተማሪ ያው የቁጥር ጌጥ መስሎት አልፎታል። ጌጥ አይደለም። አንድ ተማሪ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ሲሄድ የተማረው እንዳይጠፋበት የተፈለሰፈ መለኪያ ነው። ቁጥሩ መጣ፤ ከቁጥሩ ጋር መምጣት የነበረበት ሦስት ፊርማ ግን አብሮ አልመጣም። ካላመናችሁ ከአንድ ያገራችን ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ለመዛወር የሞከረ ተማሪ ጠይቁ። ሮምና ፓሪስ የተስማሙበትን እኛ አውቶቡስ በሚያደርስ ርቀት ላይ አልተስማማንበትም።

የራሴን ልንገራችሁ። እንደምታውቁት እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ዲግሪ ለመቀጠል ለክረምት ፕሮግራም አንድ ቦታ ሳመለክት (ስሙ ይቆየን) ዲፕሎማ ላይ የወሰድኳቸው የታሪክ ኮርሶች አይያዙም ተባልኩ። የሁለቱን ኮርስ አውትላይን ጎን ለጎን ዘርግቼ አሳየሁ። የምዕራፎቹ ርዕስ አብዛኛው ቃል በቃል አንድ ነው። ሰውዬው አየና "አዎ ይመሳሰላል፤ ግን እኛ የሰጠነው አይደለም" አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።

ያንኑ ትምህርት እኔ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ካስተማርኳቸው ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ በታሪክ ማስተርስ አላቸው።

በመጪው ክረምት እንደገና አመለክታለሁ። ሁለቱ አውትላይን፣ ትራንስክሪፕቱና የአንድ ገጽ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ገብተዋል። ደብዳቤው ላይ ሶፊያ ኮራዲን ልጠቅስ አስቤ ነበር፤ "እሷ ደግሞ የየትኛው ዲፓርትመንት ናት?" እንዳይሉኝ ብዬ ተውኩት።